ጀግናውን በአይሱዙ ጭኖ መዞር፦ ልጆች ገብተው የሚጫወቱበት የጀግና ድንኳን አሠራር

መጀመሪያ ያበላሸነውን ልንገራችሁ። ከመርካቶ ሁለት የጀግና ልብስ ገዛን፤ አንዱ ቀይና ሰማያዊ፣ አንዱ ጥቁር ከነጭንብሉ። ሁለት ወጣቶች አለበስን። ደብረ ማርቆስ ላይ አዳራሽ ተከራየን፣ ግድግዳው ላይ ፖስተር ለጠፍን፣ ስፒከሩን ለቀቅነው። ልጆቹ ተሰልፈው ገቡ። አዩ። ፎቶ ተነሡ። አራት ደቂቃ ሳይሞላ ጨርሰው ቆሙ። ሰባት ዓመት የማይሞላው አንድ ልጅ ቀና ብሎ አየኝና «ጋሼ፣ እኛስ ምን እናድርግ?» አለኝ።

መልስ አልነበረኝም። ሁለተኛውን ዙር የሠራነው ያቺን ጥያቄ ይዘን ነው።

ውጭ አገር በዚህ ሥራ የሚኖሩ ሰዎች ነገሩ ቀድሞ ገብቷቸዋል። በ2014 እ.ኤ.አ. ኒው ዮርክ ላይ የተከፈተው የማርቬል ኩባንያ የአቬንጀርስ ጀግኖች ትዕይንት ጎብኚውን እንደ አዲስ ምልምል መዝግቦ ነው የሚያስገባው። ትዕይንቱ በኋላ ሴኡልንና ፓሪስን ዞረ፤ በ2016 ደግሞ ላስ ቬጋስ ገባ። ልብሱም ብረቱም ያስደንቃል። ሰውን የሚይዘው ግን ሥራ ተሰጥቶት መግባቱ ነው። የእነሱ በጀት የለንም። ለልጅ ሥራ መስጠት ግን በጀት አይጠይቅም።

ከዚህ በታች ያለው በሰባት ሰው፣ በአንድ አይሱዙና በአንድ ድንኳን ከደብረ ማርቆስ እስከ ዳንግላ የምንዞርበት አሠራር ነው።

1. ጀግናውን ከራሳችሁ አገር አውጡት

የታወቁትን የውጭ ጀግኖች ስምና ምስል ለጥፎ ቲኬት መሸጥ አያዋጣም። ባለቤት አላቸው። በእኛም አገር የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 እና የንግድ ምልክት አዋጅ ቁጥር 501/1998 አሉ። «ጎጃም ድረስ ማን መጥቶ ያየኛል» የሚል ካለ፣ ፌስቡክ ላይ ፎቶው ከእሱ ቀድሞ ኒው ዮርክ ይደርሳል።

ደግሞስ ምን ቸገረን? ሱፐርማን በ1938 እ.ኤ.አ. በመጽሔት ሲወጣ ሁለት ስም ነበረው፤ አንዱ የሥራ ቀን፣ አንዱ የጀግንነት። እዚህ አገር ሁለተኛ ስም ከዚያ በፊት ነበር። የፈረስ ስም ይባላል። ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ አሉላ አባ ነጋ፣ ባልቻ አባ ነፍሶ። በላይ ዘለቀን ጎጃም ውስጥ «አባ ኮስትር» ብላችሁ ጥሩት፤ ሽማግሌው ቀና ብሎ ይቀመጣል። ስለዚህ ድንኳናችን ውስጥ ጭንብል የለም። ልጁ ሲገባ የፈረስ ስም ያወጣል፤ ሲወጣ በዚያ ስም ይፎክራል። በመካከል ደግሞ ስሙን የሚያስከብር ሥራ ይሠራል።

ሁለት ነገር ግን ተጠንቀቁ። ቅዱሳንን የትዕይንት ገጸ ባሕርይ አታድርጉ። ቅዱስ ጊዮርጊስ ፈረስና ጦር አለው ብላችሁ ወጣት ልብስ አልብሳችሁ ብታቆሙ፣ ከየትኛውም ከተማ በደህና አትወጡም፤ ደግሞም እውነታቸውን ነው። በስም የሚታወቁ አርበኞችንም በግድግዳ ላይ በክብር ጻፉ እንጂ ተዋናይ አድርጋችሁ አታሯሩጧቸው። ቤተሰባቸው እዚያው ከተማ አለ።

ታሪኩ አንድና አጭር ይሁን። የእኛው ይህ ነው፦ ጮቄ ላይ ያለ ምንጭ በድንጋይ ተደፍኗል። የታች አገር ሰው ውሃ አጣ። ልጆቹ የተደበቀውን መልእክት ያነባሉ፣ ከሩቅ የሚጠራውን እረኛ ይሰማሉ፣ ድንጋዩን ያነሣሉ። አለቀ። ጮቄ ከ4,000 ሜትር በላይ የሚወጣ፣ ብዙ ወንዝ የሚነሣበት ተራራ ስለሆነ ለምሥራቅ ጎጃም ልጅ «ጮቄ ደረቀ» ማለት ማብራሪያ አይፈልግም። ክፉ ሰው እንኳ አላስፈለገንም። በሌላ አገር ብትሠሩት የራሳችሁን ተራራ አስገቡ።

2. ጊዜና መንገድ

ክረምትን እርሱት። ትምህርት ቤት የሚዘጋው ያኔ ነው፤ አውቃለሁ፣ ያጓጓል። ግን የጎጃም ሐምሌ ድንኳን አያስተክልም። ኅዳርና ታኅሣሥ ደግሞ አዝመራ ነው፤ የባላገሩ ልጅ አውድማ ላይ ነው፣ አባቱም ኪስ ውስጥ ገና ምንም የለም። ደህናው ጊዜ ከጥር መግቢያ እስከ ሁዳዴ ዋዜማ ነው። እህል ገብቷል፣ መሬቱ ደርቋል፣ ሰው ዘና ብሏል። ሁዳዴ ከገባ በኋላ ስፒከር አስጩኾ ከተማ መግባት ነውር ነው። ከፋሲካ በኋላ እስከ ግንቦት አጋማሽ ሁለተኛ ዕድል አላችሁ።

እንጅባራ ለመግባት ጥር 23ን ጠብቁ። የአገው ፈረሰኞች በዓል የሚከበርበት ቀን ነው። የፈረስ ስም ጨዋታ ይዞ ፈረስ በሚጋልብ ከተማ መግባት ሌላ ማስታወቂያ አያስፈልገውም። ቦታ ግን ቀድማችሁ ያዙ፤ ከተማው ይሞላል።

መስመራችን ደብረ ማርቆስ፣ ደምበጫ፣ ፍኖተ ሰላም፣ ቡሬ፣ እንጅባራ፣ ዳንግላ ነው። ሁሉም በአንዱ አስፋልት ላይ ስለሆኑ አይሱዙው አይንከራተትም። ሐሙስ መግባት፣ ዓርብ ጠዋት መትከል፣ ከሰዓት ትምህርት ቤት ማስገባት፣ ቅዳሜና እሑድ ለሕዝብ፣ ሰኞ መንቀል። እሑድ ከቅዳሴ በፊት አትክፈቱ።

ከመነሣታችሁ በፊት የመንገዱን ሰላም ከሾፌሮች ጠይቁ፤ ከማንም በፊት የሚያውቁት እነሱ ናቸው። «ዛሬ ባትሄዱ ይሻላል» ካሉ አትሂዱ። ቲኬት ይመለሳል።

3. ፈቃድ

ከከተማ አስተዳደሩ፣ ከባህልና ቱሪዝም፣ ከፖሊስ ደብዳቤ ያስፈልጋል። ማመልከቻው ላይ «ትዕይንት» ብላችሁ ብቻ አትጻፉ፤ ምን እንደሆነ ማንም አይገባውም። አንድ ኃላፊ «ሰርከስ ነው?» አሉኝ። «አይደለም ጌታዬ» አልኩ። «ታዲያ ሲኒማ?» «እሱም አይደለም።» «እንግዲያ ምንድን ነው የምፈርምልህ?» ከዚያ ወዲህ የድንኳኑን ካርታ በእጅ ስዬ፣ በየክፍሉ ልጁ የሚሠራውን በአንድ አንድ መስመር ጽፌ ነው የምሄደው። ሁለት ገጽ ነው። ሲያዩት ይስቃሉ፤ ይፈርማሉ።

4. ድንኳኑ

6 በ12 ሜትር የሆነ የሰርግ ድንኳን ይበቃል። መጀመሪያ ከየከተማው ልንከራይ አሰብን፤ የየአንዳንዱ ልክ ይለያያል፣ መጋረጃችን አይገጥምም። ስለዚህ የራሳችንን አሠራን። ብረቱን ስታሠሩ በብየዳ አይያያዝ፤ በቡሎንና በዳዶ ይሁን። የተበየደ ብረት አይሱዙ ላይ አይተጣጠፍም። ቡሎኑ ሁሉ አንድ ቁጥር ይሁን፤ አንድ ቁልፍ ብቻ ይዛችሁ ሁሉንም ትፈታላችሁ። ሦስት ዓይነት ቡሎን ያለው ድንኳን ማታ በባትሪ ብርሃን ስትነቅሉ ያስለቅሳል።

ውስጡን በጥቁር ጨርቅ ለአራት ክፍል ክፈሉት። እያንዳንዱ 6 በ3 ይሆናል። ጨርቁን ሽቦ ላይ በቀለበት ስቀሉት፣ ጫፉ መሬት ይንካ፣ በመገጣጠሚያው ላይ አንድ ክንድ ያህል ይደራረብ። ብርሃን ካሾለከ ክፍሉ ክፍል መሆኑ ይቀራል። ከመግዛታችሁ በፊት ከጨርቁ ጣት የምታህል ቁራጭ ቆርጣችሁ ደጅ ላይ ክብሪት ጫሩባት። እየቀለጠ የሚንጠባጠብ ከሆነ ተዉት፤ ልጅ ላይ የሚንጠባጠብ እሳት ነው።

ካስማ ላይ ብዙ ሰው ይሸወዳል። ቡሬና እንጅባራ ቀይ አፈር ነው፤ ካስማው ይይዛል። ወደ ደጀንና ብቸና ስትወርዱ መረሬ፣ ማለትም ጥቁር አፈር ነው። መረሬ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ ሲረጥብ ያብጣል፤ ጠዋት አጥብቃችሁ የቀበራችሁት ካስማ ማታ በሁለት ጣት ይነቀላል። አስፋልትና ኮብልስቶን ላይ ደግሞ ጭራሽ አይገባም። መፍትሔው ቢጫ ጀሪካን ነው። ባለ 20 ሊትሩ ሲሞላ 20 ኪሎ ነው። በየቋሚው ሁለት፣ በአራቱ ማዕዘን አራት አራት እሰሩ። ባዶውን ይዛችሁ ትሄዳላችሁ፣ ውሃውን ከከተማው ትሞላላችሁ፤ ለክብደት ነዳጅ አትከፍሉም። ፍኖተ ሰላም ላይ ጀሪካን ሳናስር ለምሳ ሄድን። ስንመለስ ጣሪያው አጥር ላይ ተሰቅሎ ሁለት ፍየል ጥላው ሥር ተኝታ ነበር።

5. በሩ

በር ላይ ቲኬት ቆራጭ ብቻ አታቁሙ። ዘብ አቁሙ። የእኛ ዘብ ጋቢ የለበሰ፣ ዱላ የያዘ፣ ፊቱን ያኮሳተረ ወጣት ነው። ለእያንዳንዱ ቡድን «እንቆቅልሽ!» ይላል። ልጆቹ በአንድ ድምፅ «ምን አውቅልህ!» ይላሉ። ይጠይቃል። ካልመለሱ «አገር ስጡኝ» ይላል።

የሰልፉ አሰልቺነት የሚያልቀው እዚህ ነው። ኋላ ያሉት ወላጆች ሳይቀሩ ይሳተፋሉ። አንድ ልጅ አዲስ አበባን ሰጠ፤ ዘቡ «አዲስ አበባ ሄጄ፣ ቤት ኪራይ ጠፍቶኝ…» እያለ ማልቀስ ጀመረ። ባሕር ዳርን የሰጠ ግን እስከዛሬ አላየሁም። «ጎንደርን ውሰድ» ይላሉ በቸርነት። ዘቡ ቢያንስ ሃያ እንቆቅልሽ ይወቅ፤ አለበለዚያ ሁለተኛው ቡድን የመጀመሪያውን መልስ ሰምቶ ይገባል።

6. አራቱ ክፍሎች

የስም ክፍል። አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ወፍራም መዝገብ፣ አንድ ጸሐፊ። በግድግዳው ላይ የጥንቶቹ የፈረስ ስሞች በትልቁ ተጽፈዋል። ልጁ የራሱን ያወጣል፤ ጸሐፊው መዝገቡ ላይ ያሰፍራል፤ በካርቶን ላይ ጽፎ አንገቱ ላይ ያንጠለጥልለታል። ጸሐፊው አይቸኩል። ልጅ ስሙ ሲጻፍ ትክ ብሎ ያያል፤ እስክሪብቶው ሲንቀሳቀስ ከንፈሩ አብሮ ይንቀሳቀሳል።

ሴቶች ልጆችስ? የፈረስ ስም የወንድ ነበርና መጀመሪያ ተደናግረን ነበር። ደምበጫ ላይ አንዲት ልጅ ገላገለችን። ጸሐፊው «አባ ማን ልበልሽ?» ሲላት «አባ አይደለሁም፤ እማ መብረቅ ብለህ ጻፍ» አለችው። ከዚያ ወዲህ ሴቶቹ ሁሉ እማ ናቸው።

የዓይን ክፍል። ሰሌዳ ላይ በቀይ፣ በቢጫና በብርቱካንማ የተዘባረቀ ጭረት አለ። ከሥሩ በውሃ ሰማያዊ መልእክት ተጽፏል። በባዶ ዓይን ዝብርቅ ነው። በቀይ ፕላስቲክ ሲያዩት ቀዩ ይጠፋል፣ ሰማያዊው ጠቁሮ ይወጣል። ቀይ ፕላስቲክ ውስጥ የሚያልፈው ቀይ ብርሃን ብቻ ስለሆነ ነው። ፕላስቲኩን የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ ከሚሸጡት አሳላፊ ክላሰር ቆርጣችሁ ካርቶን ላይ አጣብቁ። ሱቁ ውስጥ እያላችሁ በነጭ ወረቀት ላይ በሰማያዊ እስክሪብቶ ጽፋችሁ ሞክሩት፤ ቀይ መሳይ ሁሉ አይሠራም። አምፖሉ ነጭ ይሁን። ማንበብ ለማይችሉት ትንንሾች መልእክቱን በሥዕል አድርጉት፤ ቀስት፣ ተራራ፣ ድንጋይ።

የጆሮ ክፍል። የአትክልት ማጠጫ ጎማ፣ 20 ሜትር። ሁለቱ ጫፍ ላይ ከወገቡ የተቆረጠ የሃይላንድ ጠርሙስ እንደ ጥሩምባ አፍ ይገጠማል። ጎማው በድንኳኑ ዙሪያ ይዞርና ሌላው ጫፍ ደጅ ካለው ሰው ጋር ይደርሳል። ልጁ ጆሮውን ያስጠጋል። «አባ ነብሮ፣ ትሰማኛለህ? እኔ እረኛው ነኝ» ይለዋል ድምፁ፤ በስሙ! ስሙን ከየት እንዳወቀ ማንም አይነግረውም። እውነቱን ለእናንተ ልንገር፤ ጸሐፊው ዝርዝሩን በመጋረጃው ሥር ለእረኛው ያሾልክለታል። የጠርሙሱን አፍ ከየቡድኑ በኋላ በአልኮል ጥረጉ።

የጉልበት ክፍል። አቅማችሁን ሁሉ እዚህ አፍስሱ። አንድ ኩንታል፣ ማለትም 100 ኪሎ አሸዋ የያዘ ጆንያ በጭቃ ቀለም የተቀባ ካርቶን ለብሶ ድንጋይ መስሏል። በማጠፊያ የተያያዘ ወፍራም ጣውላ ላይ ታስሮ ተቀምጧል፤ እንዳይንሸራተት። መጀመሪያ ጉልበተኛው ልጅ በእጁ እንዲያነሣ ይጋበዛል። ፊቱ ቲማቲም ይመስላል፤ ድንጋዩ ንቅንቅ አይልም። ከዚያ ትንሿ ልጅ ትጠራለች።

4 ሜትር የሆነ ደረቅ የባሕር ዛፍ ግንድ አለ። አንዱ ጫፍ ከጣውላው ሥር ይገባል። ከድንጋዩ ግማሽ ሜትር ራቅ ብሎ ግንዱ የሚያርፍበት መደገፊያ አለ። የቀረው 3 ሜትር ተኩል ወደ ልጅቷ ነው። 3.5 ለ0.5 ሰባት እጥፍ ነው። ስለዚህ 100 ኪሎውን ለማንቀሳቀስ 15 ኪሎ ያህል ጫና ይበቃታል። የስምንት ዓመት ልጅ ሁለት እጇን አሳርፋ ክብደቷን ስትለቅ ድንጋዩ ይነሣል። ድንጋዩ 10 ሳንቲ ሜትር ሲወጣ የእሷ ጫፍ 70 ሳንቲ ሜትር ይወርዳል፤ ስለዚህ የእሷ ጫፍ በደረቷ ልክ ከፍ ብሎ ይጀምር። ከዚያ በላይ እንዳይሄድ ማቆሚያ እንጨት ምቱ። መደገፊያው መሬት ውስጥ ይቀበር ወይም ከብረቱ ጋር ይታሰር። ግንዱ ድንገት ተስፈንጥሮ አገጭ እንዳይመታ አንድ ትልቅ ሰው ሁልጊዜ ጫፉን ይያዝ። ከድንጋዩ በኩል ማንም አይቁም። በዚህ ቀልድ የለም።

አሁን ውሃው። ከጣውላው የተነሣ ገመድ ከላይ የተሰቀለ ጀሪካን ቧንቧ ላይ ታስሯል። አሥራ ሁለቱም ልጆች በየተራ ይሞክራሉ፤ ገመዱን ግን የምናያይዘው ለመጨረሻው ልጅ ነው። ድንጋዩ ሲነሣ ቧንቧው ይከፈታል፣ ውሃው በተሰነጠቀ የፕላስቲክ ቱቦ ቦይ እየተንኳለለ ይወርዳል። ወለሉ ላይ ትኩስ ቄጠማ ጎዝጉዙ። ውሃው ቄጠማው ሥር ገብቶ ወደ እግራቸው ሲመጣ መጀመሪያ ሁሉም ወደ ኋላ ይላሉ፤ ከዚያ አንዱ ጫማውን ያወልቃል። ያኔ ክፍሉ ይናጋል። ለዚህ የከፈልነው የአንድ ጀሪካን ውሃና የሁለት እስር ቄጠማ ዋጋ ነው። ቦዩን ወደ ደጅ አስወጡት፤ አለበለዚያ እስከ ሦስተኛው ቡድን ጭቃ ትሆናላችሁ።

7. መውጫው፦ ፉከራና በረራ

ከድንኳኑ ሲወጡ ትንሽ መድረክ አለ። «ዘራፍ!» ብሎ አንድ መስመር መፎከር ነው። ሕጉ አንድ ነው፤ እውነት የሠራኸውን ብቻ። ገደልኩ፣ ማረክሁ የለም። መጀመሪያ ያፍራሉ። አንዱ ከጀመረ ግን ማቆሚያ የለውም። «ዘራፍ አባ ነብሮ! ጥጃውን ከወንዝ ያወጣሁ!» «ዘራፍ እማ መብረቅ! ታናሼን ከውሻ ያስጣልኩ!» አንድ ዝምተኛ ልጅ ብዙ አሰበና «ዘራፍ… አያቴን መርፌ ሲወጓት እጇን የያዝሁ» አለ። ወላጆቹ እልል አሉ። ለወላጆች ይህን የሚያዩበት ቦታ በገመድ ለዩላቸው።

አጠገቡ መሬት ላይ 3 በ4 ሜትር የሆነ ጨርቅ ተዘርግቷል፤ የዓባይ ሸለቆ ከላይ ሲታይ ተሥሎበታል፤ ወንዙ፣ ድልድዩ፣ ጥምዝምዙ መንገድ። ልጁ በሆዱ ይተኛል፣ እጁን ይዘረጋል፣ ነጠላ ጀርባው ላይ ይታሰራል። ነጠላውን ወደ አንድ ጎን አጠፍ አጠፍ አድርጋችሁ ዘርጉት፤ ነፋስ የመታው እንዲመስል። ፎቶ አንሺው መሰላል ላይ ወጥቶ ቀጥ ብሎ ወደ ታች ያነሣል። ሲታይ ልጁ በዓባይ ላይ ይበራል። ጥላው ከሥሩ እንዳይታይ ደመናማ ሰዓት ወይም የድንኳኑ ጥላ ያለበት ቦታ ምረጡ። ማንንም በገመድ ለማንጠልጠል አታስቡ።

8. ስንት ልጅ በሰዓት?

አንድ ቡድን 12 ልጅ ነው። በየክፍሉ 6 ደቂቃ፣ ለመሸጋገር 1 ደቂቃ። ስለዚህ በየ7 ደቂቃው አዲስ ቡድን ይገባል፤ በሰዓት ስምንት ቡድን፣ ማለትም 96 ልጅ። ቲኬቱ ላይ የመግቢያ ሰዓት ጻፉ። ሰው ገበያውን ጨርሶ በሰዓቱ ይመጣል። ሰባታችሁ እንዲህ ትከፋፈላላችሁ፦ ዘብ አንድ፣ ጸሐፊ አንድ፣ ዓይን ክፍል አንድ፣ ጆሮ ክፍል አንድ፣ ጉልበት ክፍል አንድ፣ መውጫ አንድ። ሰባተኛው ደጅ ነው፤ እረኛውም እሱ፣ የጄኔሬተሩም ኃላፊ እሱ።

ዋጋው ኳስ ከሚታይበት ቤት መግቢያ ብዙ እንዳይርቅ። በቴሌብርም በእጅም ተቀበሉ። ከየቡድኑ ሁለት ቦታ መክፈል ለማይችል ልጅ ይያዝ፤ ማን እንደሆነ ግን ዘቡ ብቻ ይወቅ።

9. መብራት

ሲኖር ከከተማው መስመር፣ ሲጠፋ ከጄኔሬተር። የእኛ ጭነት ትንሽ ነው፤ 12 ባለ 9 ዋት አምፖልና ሁለት ስፒከር፣ ሁሉም ተደምሮ ከ500 ዋት አይበልጥም። ግን ጄኔሬተር ስትገዙ ላዩ ላይ የተጻፈውን አትመኑ። ደብረ ማርቆስም እንጅባራም ከ2,400 ሜትር በላይ ናቸው። አየሩ ስስ ስለሆነ የቤንዚን ሞተር በየ300 ሜትሩ ከ3 እስከ 3.5 በመቶ ያህል ጉልበት ያጣል። እዚያ ከፍታ ላይ ሩቡ ሄደ ማለት ነው። ባለ 2,000 ዋቱን 1,500 አድርጋችሁ ቁጠሩት።

እኛ ባለ 1,000 ይዘን ነበር። ይበቃን ነበር፤ አንዷ ጓደኛችን ለቡና ውሃ ልታፈላ የኤሌክትሪክ ማንቆርቆሪያ እስክትሰካ ድረስ። ጄኔሬተሩ ሁለቴ አስነጠሰና ተኛ፤ አሥራ ሁለት ልጆች በጨለማ። ቡና በከሰል ይፈላ።

ጄኔሬተሩን ከድንኳኑ ቢያንስ 6 ሜትር አርቁ፤ ነፋሱ ጭሱን ወደ ውጭ በሚወስድበት በኩል። ጭሱ ሽታ የሌለው መርዝ አለበት። በየክፍሉ በባትሪ የሚሠራ አንድ መብራት ይሰቀል።

10. የማይታለፉ

መሣሪያ የሚመስል ነገር አይግባ። የላስቲክ ሽጉጥም፣ የእንጨት ጠመንጃም፣ ርችትም፣ ከስፒከር የሚወጣ የፍንዳታ ድምፅም። የውጭ ትዕይንቶች ያለ ፍንዳታ አይሆንላቸውም። እዚህ አንዳንዱ ልጅ ድምፁን ያውቀዋል። ስፒከር ሲሰካ «ጧ» ሲል እንኳ ጠረጴዛ ሥር የገባ ልጅ አይቻለሁ። አሁን ስፒከሩን የምንሰካው ልጅ ከመግባቱ በፊት ነው። ድሮንም አታስነሡ፤ ለፎቶ ቢሆንም።

ብልጭ ድርግም የሚል መብራት አይኑር። በሰከንድ ከሦስት ጊዜ በላይ የሚበራና የሚጠፋ መብራት የሚጥል በሽታ ያለበትን ሰው ሊጥለው ይችላል።

ሁለት መውጫ ይኑር፤ ሁለቱም መጋረጃ እንጂ ቁልፍ የሌላቸው። ስፋታቸው አንድ ሜትር ቢሆን ዊልቸርም ያልፋል። ባለ 6 ኪሎ የዱቄት እሳት ማጥፊያ ሁለት፤ አንዱ በር፣ አንዱ ጄኔሬተር አጠገብ። የልጅ ፎቶ ያለወላጁ ፈቃድ አይለጠፍ። የፈራ ልጅ ካለ አትገፋፉት፤ ጸሐፊው አጠገብ ተቀምጦ ማኅተም ይምታ። ደምበጫ ላይ አንዱ ሙሉ ከሰዓት ማኅተም ሲመታ ዋለ፤ እናቱ ስትወስደው አልሄድም ብሎ አለቀሰ።

11. መንቀልና መጫን

ሰኞ ጠዋት ጀሪካኖቹን ከመድፋታችሁ በፊት ጠይቁ፤ ሁልጊዜ ውሃውን የሚፈልግ ጎረቤት አለ። ባሕር ዛፉን ከታች፣ ብረቱን ከላዩ፣ ጨርቁን ከሁሉ በላይ ጫኑ። የረጠበ ጨርቅ አትጠቅልሉ፤ በሁለት ቀን ይሻግታል። አሸዋውን እዚያው አፍስሳችሁ ጆንያውን ብቻ ያዙ፤ የሚቀጥለው ከተማም አሸዋ አያጣም። ቡሎንና ዳዶውን ቆጥራችሁ አንድ ጣሳ ውስጥ ክተቱ፤ ጣሳውን ሾፌሩ መቀመጫ ሥር አድርጉት። መዝገቡ ግን ከጭነቱ ጋር አይሄድም፤ አንድ ሰው በእጁ ይያዘው። በሚቀጥለው ዓመት «እማ መብረቅ ነኝ፣ አምና ተመዝግቤያለሁ» ብላ የምትመጣ አለች፤ ገጹን ገልጦ ማሳየት ያስፈልጋል።